መቀባት ወይስ መለበጥ?

ትምህርት ዐሥራ አራት፦ አመዛዛኝ ድርሰት

በዚህ ትምህርት ሁለት ነገሮችን ጐን ለጐን አቁሞ የማመዛዘንን ዘዴ እንማራለን። አመዛዛኝ ድርሰት የሚጽፍ ሰው እንደ ሚዛን ያዥ ነው። አንዱን ሳህን በጣቱ ሳይጫን ከሁለቱም ወገን ያለውን ማስረጃ በእኩል ያኖራል፤ ፍርዱንም የሚሰጠው ሚዛኑ ካረፈ በኋላ ነው። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ። ከዚያም የየአንቀጹን ኀይለ ቃል እየለያችሁ ደግማችሁ አንብቡት። በምንባቡ ውስጥ የተነገረው ቤተሰብ ለምሳሌ የታሰበ ነው፤ ስለ ቀለም፣ ስለ ላስቲክና ስለ ዝገት የተነገረው ግን በተግባር የሚታይ እውነት ነው።

ሀ. ምንባብ

ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሮቤ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ያረጀ ቮልስዋገን ቆሟል እንበል። መኪናውን የገዙት፣ ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በመምህርነት ያገለገሉ አባት ናቸው። አባት ዐርፈዋል፤ ቤተሰቡ ግን መኪናውን እስከ ዛሬ አልሸጠውም። ቀለሙ ሲገዛ ሰማያዊ ነበር። አሁን ጣሪያው ነጥቷል፤ በጣት ሲነኩት ዱቄት ይለቃል፤ በበሩ ሥር ደግሞ ዝገት ብረቱን አሳብጦታል። በሾፌሩ መስኮት ግርጌ ቀለሙ ተበልቶ ብረቱ የሚታይበት፣ መዳፍ የሚያህል ሥፍራ አለ። አባት በነዱ ቍጥር ክርናቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ላይ ነበር። የቤቱ ሴት ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ልትዳር ነው፤ ከእናቷም ቤት በአባቷ መኪና መውጣት ትመኛለች።

መኪናው ለሠርጉ እንዴት ይመር? ክርክሩ የተነሣው በዚህ ላይ ነው። ታላቅ ወንድም፣ «አሮጌው ቀለም ተፍቆ እንደ አዲስ ይቀባ» አለ። በአዲስ አበባ የሚሠራው ታናሽ ወንድም ግን፣ «ቀለም መቀባት ለምን አስፈለገ? አሁን መኪናን በላስቲክ የሚያለብሱ ባለሙያዎች አሉ፤ በጥቂት ቀን ነጭ ሆኖ ይወጣል» ሲል መለሰ። እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ያ የክርኑ ቦታ ምን ይሆናል?» አሉ። ከወንድማማቾቹ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ክርክሩን ለመመዘን በቅድሚያ የሁለቱን ሥራዎች ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አውቶሞቢል በተፈለሰፈበት ዘመን የመኪና ቀለም እንደ ሠረገላ ቀለም በብሩሽ ተደራርቦ ይቀባ ስለ ነበር፣ ሥራው ተጠናቆ እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር። ሞዴል ቲ የተባለው የፎርድ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ድረስ ጥቁር ብቻ እየተቀባ ይወጣ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዱኮ» ብሎ የሰየመውን፣ እየተነፋ የሚቀባና ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ሲያወጣ ልዩ ልዩ ኅብር ያላቸው መኪናዎች በገበያ ላይ በዙ። ዛሬ አንድን አሮጌ መኪና በሚገባ የሚቀባ ሰው ዝገቱን ፍቆ፣ የጐደጐደውን በስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ መከላከያውን ቀለም አስቀድሞ፣ ዋናውን ቀለም አስከትሎ፣ በመጨረሻም የሚያንጸባርቀውን ሽፋን ይነፋል።

የላስቲኩ ታሪክም ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ያለው አይደለም። ፖሊቪኒል ክሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ኦይገን ባውማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1872 ተመልክቶት ነበር። ነገር ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለ ነበር ለሥራ አልዋለም። በ1926 ዋልዶ ሴሞን የተባለ አሜሪካዊ አለስልሶ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ አደረገው። መኪና የሚለበጥበት ቪኒል ከዚሁ ዘር ነው። ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሲሆን በስተጀርባው ማጣበቂያ አለበት። የዚህ ላስቲክ ዐይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ፈሳሹ በስሱ ፈስሶ እንዲረጋ በማድረግ የሚሠራው ሲሆን፣ በጐባጣ አካል ላይ ተስቦ ከተለጠፈ በኋላ ወደ ነበረበት ለመመለስ አይታገልም። ሁለተኛው በመዳመጫ ተዳምጦ የሚሠራው ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፤ ሆኖም ከጊዜ በኋላ ስለሚኮማተር ለዝርግ ሥፍራ እንጂ ለጐባጣ አይመከርም። የቮልስዋገን አካል ከኮፈን እስከ ፓራፋንጎ ክብ ስለሆነ ሁለተኛውን ዐይነት አይቀበልም።

የመለበጥ ጥቅሙ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ሥራው ሊቀለበስ የሚችል በመሆኑ ነው። ላስቲኩ በሙቀት ለስልሶ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ቀለም እንደ ነበረ ይገኛል። በጀርመን አገር ታክሲዎች ለብዙ ዓመታት የዝሆን ጥርስ መልክ ባለው ፈዛዛ ቀለም እንዲታዩ ሕግ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ብዙ ባለታክሲዎች ሌላ ቀለም ያለው መኪና ገዝተው በዚያ መልክ ይለብጡታል፤ ሊሸጡት ሲሹ ልጠው በፋብሪካው ቀለም ያቀርቡታል። በእኛም አገር ሚኒባሶችና ባጃጆች በልዩ ልዩ ስቲከር ሲያጌጡ ማየት የተለመደ ነው። ከዚህም ሌላ ለባጭ የቀለም ጢስ አይተነፍስም። በአንጻሩ ማጠንከሪያ የተደባለቀበትን የመኪና ቀለም ያለ ተገቢ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የሚነፋ ሠራተኛ ለአስም በሽታ ሊጋለጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ የመለበጥ ጕድለቱ ቀላል አይደለም። ላስቲክ የተለጠፈበትን ነገር መልክ ይከተላል እንጂ አያቃናም፤ ጐድጓዳው ጐድጓዳ፣ እብጠቱም እብጠት ሆኖ ይታያል። ዱቄት በሚለቅ ቀለም ላይ አጥብቆ አይይዝም። ቀድሞ በሚገባ ሳይጣበቅ የተቀባ ቀለም ካጋጠመው ደግሞ ሲላጥ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ግን ዝገት ነው። በላስቲኩ ሥር እርጥበት ከቀረ ብረቱ ከዐይን ተሰውሮ መበላቱን ይቀጥላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

የባሌ ደጋ አየርም በፍርዱ ላይ ድርሻ አለው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ቀለምም ሆነ ላስቲክ በዚያ ከቈላው አገር ይልቅ በጨረር ይጐዳል፤ በተለይም ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ የሚያዩት ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው ያረጃሉ። ንጋቱ ብርድ ነው፤ ማጣበቂያ ደግሞ በብርድ ብረት ላይ አይዝም፤ ላስቲኩም ይደርቃል። የሲናና ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚያዘምር የታወቀ ነው። ሁለት አዝመራ ማለት ሁለት የዝናብ ወራትና ሁለት የመከር ወራት ማለት ነው። ስንዴና ገብስ በኮምባይነር ሲታጨድ የሚነሣው ገለባና አቧራ በማጣበቂያው ላይ ካረፈ እንደ ብጉር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ ለባጭ የተዘጋ ቤትና የረፋድ ሙቀት ያስፈልገዋል። ደግሞም የመኪና ቀለም በሊብሬው ላይ የሚመዘገብ ስለሆነ፣ የሚቀባም ሆነ የሚለብጥ ሰው መልኩን ከመለወጡ በፊት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ቤተሰቡ ክርክሩን ይዞ ወደ አንድ ባትላሜራ ሄደ። ባለሙያው ለማንም ሳያደላ ሦስት ፈተና አደረገ። በመጀመሪያ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በአካሉ ላይ አሳለፈ። በአንደኛው ፓራፋንጎ ላይ ማግኔቱ አልያዘም፤ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ እንዳለ ታወቀ። ቀጥሎ በጣሪያው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በድንገት ሲነቅለው ማጣበቂያው ሰማያዊ ዱቄት ለብሶ ተነሣ። በመጨረሻም የኋላውን መቀመጫ አነሣ። በቮልስዋገን የባትሪው ሥፍራ ከዚያ ሥር ነው። የባትሪው አሲድና እርጥበት ወለሉን በልተውት መሬት በቀዳዳው ይታይ ነበር።

«እትዬ» አለ ባለሙያው ወደ እናት ዞሮ፣ «ልጆችዎ የሚከራከሩት ስለ ልብሱ ነው፤ የታመመው ግን ገላው ነው። ቢቀቡትም ቢለብጡትም ይህ ወለል አይድንም። ሙሽራ ተቀምጣበት ቢሰበር ማን ይጠየቃል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?» አሉ እናት።

ባለሙያው መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥቂት የማወልወያ ቅባት በጨርቅ ይዞ በጣሪያው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ሥፍራ በዝግታ አሸ። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። የነጣው ዱቄት ሲነሣ ከሥሩ ያረጀው ሰማያዊ ቀለም ወጣ። የድሮ መኪናዎች ቀለም በላዩ የተለየ ግልጽ ሽፋን ስለሌለው ፀሐይ የምታነጣው የላይኛውን ስስ ንጣፍ ነው፤ ከሥሩ በቂ ቀለም ከተረፈ በጥንቃቄ ተወልውሎ ሊመለስ ይችላል። ታናሽ ወንድም ጐንበስ ብሎ ሥፍራውን ሲያይ በልጅነቱ የሚያውቀውን መልክ አየ፤ ስለ ላስቲክም ዳግመኛ አልተናገረም።

ውሳኔውም እንዲህ ሆነ። ለቀለም የታሰበው ገንዘብ ወለሉን ለማስበየድ ዋለ። የበሩ ሥርና ፓራፋንጎው ብቻ ተፍቀው በቀድሞው መልክ ተቀቡ፤ የቀረው ተወለወለ። በሾፌሩ መስኮት ግርጌ ያለው ሥፍራ ውሃ እንዳይገባው በስሱ ግልጽ ሽፋን ተቀባ እንጂ አልተሞላም። እናት በሠርጉ ዋዜማ እጃቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆሙ።

እንግዲህ ሚዛኑ ምን ያሳያል? ብረቱ ጤነኛ፣ ቀለሙም ጽኑ ለሆነ መኪና መለበጥ መልካም ነው፤ የመጀመሪያውን ቀለም ከፀሐይና ከጭረት ይከልላል፤ የተለወጠውም መልክ ሲሰለች ይመለሳል። ቀለሙ ለተቀረፈና ብረቱ ለዛገ መኪና ግን ጠግኖ መቀባት ግድ ነው። ነገር ግን የፋብሪካው ቀለም አንድ ጊዜ ተፍቆ ከጠፋ በምንም ዋጋ አይመለስም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች። የቮልስዋገን ጥንዚዛም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ አገር ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ በየግቢው የቀሩት አሮጌዎች የሚተኩ አይደሉም፤ ባለቤታቸውም ከመቀባትና ከመለበጥ በፊት መመርመር ይገባዋል።

ለ. የቃላት ጥናት

1. «ለበጠ» ማለት አንዱን ነገር በሌላ ስስ ነገር ሸፈነ፣ ለበደ ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ «ልባጥ» የሚለው ስም ይወጣል። «ለበጣ» የሚለው ቃልም የዚሁ ዘር ሲሆን ከልብ ያልሆነ፣ ላይ ላዩን የሆነ ነገርን ያመለክታል፤ «የለበጣ ሣቅ» እንዲሉ። በምንባቡ ውስጥ ባለሙያው የተናገረው ቃል ከዚህ ትርጕም ጋር እንዴት ይያያዛል?

2. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ የገቡበትን ዐረፍተ ነገር እየተመለከታችሁ ፍታቸውን ጻፉ፦ ይከልላል፤ ተቀረፈ፤ ይኮማተራል፤ ኅብር፤ ረፋድ፤ ግርጌ።

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. ታላቅና ታናሽ ወንድም ያቀረቧቸው ሐሳቦች ምንና ምን ናቸው? ሁለቱም ያልተመለከቱት ነገር ምን ነበር?

2. በመዳመጫ የተሠራ ላስቲክ ለቮልስዋገን የማይስማማው ለምንድን ነው?

3. ባለሙያው ያደረጋቸውን ሦስት ፈተናዎችና ከየፈተናው የተገኘውን ዕውቀት በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።

4. የባሌ ደጋ አየር የለባጩን ሥራ የሚያከብደው በምን በምን ምክንያት ነው?

5. በሾፌሩ መስኮት ግርጌ ያለው ሥፍራ ሳይሞላ መቅረቱ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።

መ. ሰዋስው

ሀ) ከግሥ የሚወጣ የባለሙያ ስም

አድራጊውን የሚያመለክት ስም ከግሥ ሲወጣ፣ የግሡ የመጨረሻ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ድምፁን ይለውጣል። የሚከተሉትን አስተውሉ፦

ለበጠ — ለባጭ (ጠ ወደ ጭ)
በየደ — በያጅ (ደ ወደ ጅ)
ለበሰ — ለባሽ (ሰ ወደ ሽ)
ጠገነ — ጠጋኝ (ነ ወደ ኝ)
ከፈተ — ከፋች (ተ ወደ ች)
ወለወለ — ወልዋይ (ለ ወደ ይ)

በብዙዎቹ ሌሎች ፊደላት የሚጨርሱ ግሦች ግን የመጨረሻ ፊደላቸውን ወደ ሣልስ ከመለወጥ በቀር ሌላ ድምፅ አያመጡም፤ ለምሳሌ፦ ሰበረ — ሰባሪ፤ ፈተገ — ፈታጊ።

መልመጃ፦ ከሚከተሉት ግሦች የአድራጊ ስም አውጡ፤ የድምፅ ለውጥ ያለባቸውንም ለይታችሁ አመልክቱ። ቈረጠ፤ ፈተነ፤ መዘገበ፤ ነገደ፤ መረመረ፤ ከሰሰ፤ ከፈለ፤ ጀመረ።

ለ) የተቃርኖ አያያዦች

ሁለት የማይስማሙ ሐሳቦችን የሚያገናኙ ቃላት የአመዛዛኝ ድርሰት ማጠፊያዎች ናቸው። ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ ግን፣ ነገር ግን፣ ይሁን እንጂ፣ ሆኖም፣ በአንጻሩ፣ ከ…ይልቅ፣ ምንም እንኳ የሚሉት ናቸው። «ይሁን እንጂ» ቀድሞ የተነገረውን ሳይክድ ሌላ ሐሳብ ያመጣል። «በአንጻሩ» ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት ያቆማል። «ከ…ይልቅ» ያበላልጣል። «ምንም እንኳ» ደግሞ ከኋላው በ«ቢ» የተነሣ ግሥ ይፈልጋል፤ ለምሳሌ፦ «ምንም እንኳ ላስቲኩ ቢያምር ዝገቱን አያድንም።» በዚህ ዐረፍተ ነገር መካከል «ግን» ብሎ መጨመር አንዱን ተቃርኖ ሁለት ጊዜ መናገር ስለሆነ ሊቀር ይገባዋል።

መልመጃ፦ ሀ. ከምንባቡ ውስጥ አምስት የተቃርኖ አያያዦችን ከነዐረፍተ ነገራቸው አውጡ። ለ. የሚከተሉትን ጥንዶች ተስማሚ በሆነ አያያዥ አንድ ዐረፍተ ነገር አድርጉ፦

1. ቀለሙ ነጥቷል። ከሥሩ ሰማያዊው አለ።

2. ቀቢው የቀለም ጢስ ይተነፍሳል። ለባጩ ጢስ አይተነፍስም።

3. መኪናው ውጭው ያምራል። ወለሉ ተበልቷል።

ሠ. ድርሰት

አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ ይህን ሥርዓት ተከተሉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ክርክሩን የሚያነሣውን ጕዳይና በዚህ ጕዳይ የሚጠቀመውን ወይም የሚጐዳውን ሰው አሳዩ። በሁለተኛው የአንዱን ወገን ጥቅም፣ በሦስተኛው ጕድለቱን ከነማስረጃው አቅርቡ። በአራተኛው የሌላውን ወገን እንዲሁ መዝኑ። ፍርዳችሁን በመጨረሻ ስጡ። ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ሦስተኛ መንገድ እንዳለም መርምሩ። ማስረጃችሁ በዐይን የሚታይና በእጅ የሚፈተን ይሁን፤ «በጣም ጥሩ ነው»፣ «እጅግ መጥፎ ነው» የሚሉ ባዶ ቃላትን አስወግዱ።

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ የማያንስ ድርሰት ጻፉ፦

1. ስንዴን በማጭድ ማጨድና በኮምባይነር ማጨድ።

2. የሣር ክዳን ቤትና የቆርቆሮ ክዳን ቤት በደጋ አገር።

3. ያረጀን የቤት ዕቃ ማደስና አዲስ መግዛት።

4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካሉ ነገሮች አንዱን ምረጡ፤ ከዕድሜው የተነሣ መልኩ የጠፋ፣ ነገር ግን የአንድ ሰው እጅ ምልክት ያለበት ይሁን። ሊታደስ ይገባዋል? የትኛው ክፍሉ ይለወጥ? የትኛውስ እንደ ነበረ ይቅር? ከመጻፋችሁ በፊት ዕቃውን በእጃችሁ መርምሩ፤ ባለቤቱንም ጠይቁ።